ከወጭት ወደ ወጪ

የታክሲ ረዳቶች በቀን ስንት ጊዜ «ዊንጌት! ዊንጌት!» እያሉ እንደሚጣሩ የሚቆጥር ሰው ቢኖር፣ ኦርድ ዊንጌት የተባለው እንግሊዛዊ የጦር መኮንን ከገዛ አገሩ ይልቅ በጉለሌ ስሙ እንደሚነሣ በቀላሉ ያረጋግጥልን ነበር። ሰውዬው እ.ኤ.አ. በ1941 ከዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጋር ከሱዳን ተነሥቶ በጎጃም በኩል የገባው «የጌዴዎን ጦር» አዛዥ ነበር፤ ከሦስት ዓመት በኋላ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ጉለሌ ላይ የቀረው ስሙ መጀመሪያ የአንድ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎ የሰፈር፣ በመጨረሻም የታክሲ ማቆሚያና የአደባባይ መጠሪያ ሆነ። ብዙው ተሳፋሪ «ዊንጌት ወራጅ አለ» ሲል ስለ ጄኔራሉም ሆነ ስለ ትምህርት ቤቱ አያስብም፤ የሚያስበው ስለ መልሱ ነው።

ባለፈው ክረምት በዚሁ ሰፈር፣ ከጳውሎስ ሆስፒታል ብዙም በማይርቅ አንድ የዘመድ ቤት ቡና ተጠርቼ ነበር። የቤቱ ልጅ ከተመረቀ አራት ዓመት አልፎታል። ለትምህርት ወደ ውጭ ለመሄድ አመልክቶ የተማረበትን ዩኒቨርሲቲ ኦፊሺያል ትራንስክሪፕት እንዲልክለት ቢጠይቅ፣ «መጀመሪያ የወጪ መጋራት ዕዳህን ከፍለህ ማስረጃ አምጣ» ተብሎ ተመልሷል። እናቱ ነገሩ አልዋጥላቸው አለ። «መንግሥት አስተማረልኝ እያልኩ ስመርቅ የኖርኩት ለካ በብድር ኖሯል?» አሉ። ጥግ ይዘው የተቀመጡት አያቱ፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ የዊንጌት አዳሪ ተማሪ የነበሩ ሰው፣ ሲኒያቸውን አስቀምጠው «እኛ እዚያ ግቢ ስንበላ ስንጠጣ ማንም ሒሳብ አላቀረበብንም» ሲሉ ልጁ «እርስዎማ ዕድለኛ ነበሩ፣ አባባ» አላቸው። ሽማግሌው ጥቂት ዝም አሉና «ሒሳቡስ መጥቶብን ነበር፤ በሌላ መልክ ነው እንጂ» ብለው ወሬውን ወደ ዝናቡ አዞሩት። ይህ ጽሑፍ እርሳቸው በእንጥልጥል የተዉትን ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ የሚደረግ ሙከራ ነው።

የጄኔራል ዊንጌት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1946፣ በብሪቲሽ ካውንስል እገዛ ነው። ጊዜውን ማስታወስ ያሻል። ፋሺስት ኢጣሊያ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ ጀምሮ ፊደል የቆጠረውን ወጣት እየለቀመ ፈጅቶት ነበር። ከነጻነት በኋላ የተመለሰው መንግሥት ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶችን ሲያቋቁም በወንበሮቹ ላይ የሚያስቀምጠው ሰው አጣ። ስለዚህ ተማሪን ማብላትና ማሳደር ለመንግሥት የቸርነት ጉዳይ አልነበረም፤ እርሱ ራሱ የሚፈልገውን ሠራተኛ ኮትኩቶ የሚያሳድግበት ዘዴ ነበር። ከየጠቅላይ ግዛቱ በፈተና ተመርጦ የሚመጣው ልጅ አዲስ አበባ ላይ ዘመድ የለውም፤ አዳሪ ቤት ባይኖር ኖሮ ዊንጌት የአዲስ አበባ መኳንንት ልጆች ብቻ ትምህርት ቤት በሆነ ነበር። አልጋው፣ ምግቡ፣ መጽሐፉ፣ ከእንግሊዝ አገር የመጣው መምህር ደመወዝ፣ ይህ ሁሉ ያለ ክፍያ ነበር። ትምህርቱን የጨረሰ ደግሞ ሥራ ፍለጋ አይንከራተትም፤ ሥራው ነበር እርሱን የሚጠብቀው።

ነገር ግን በእኛ አገር ሰው ያለ ዋጋ የበላው ምግብ የለም። ንጉሠ ነገሥቱ የትምህርት ሚኒስትርነቱን ሥልጣን ለረጅም ዓመታት በእጃቸው ይዘው ቆይተዋል፤ ትምህርት ቤቶችን ራሳቸው ይጎበኙ፣ ለገና ለተማሪዎች ስጦታ ያድሉ ነበር። ይህ የአባትና የልጅ ሥርዓት ነው። የአባት ውለታ በብር አይመለስም፤ የሚመለሰው በታማኝነት ነው። የዚያን ዘመን ተማሪ ሲያምፅ የተሰነዘረበትም ስድብ ከዚሁ የገበታ ሥርዓት የተወሰደ ነበር፤ የበላበትን ወጭት ሰባሪ!

ወጭቱ የተሰበረው ደግሞ ቶሎ ነው። በ1943 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ገና በአሥር ዓመቱ ገደማ፣ በታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ጊዜ፣ የነዋይ ወንድማማቾችን ደግፈው አደባባይ ወጡ። ንጉሠ ነገሥቱ የሰጡት መልስ ዛሬም ያስገርመኛል፤ በማግስቱ ዓመት የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲ አበረከቱ። ሰባሪውን ልጅ በሌላ ውለታ ማሰር ይሏል ይህ ነው! ብዙም ሳይቆይ ግን የኮሌጁ አዳሪነት ቀረና ተማሪው ከተማ ውስጥ ቤት እየተከራየ እንዲኖር ተደረገ። የምክንያቱ አንዱ በጀት ነው፤ ሌላውን አንባቢ ራሱ ይገምተው። ውጤቱ ግን ከታሰበው ተቃራኒ ሆነ። ከግቢ የወጣው ተማሪ የቤት ኪራይን፣ የሽሮን ዋጋና የጎረቤቱን ኑሮ ተማረ።

እ.ኤ.አ. በ1964 የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ደግሞ ዕዳው ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ የሰፈረበት ነው ማለት ይቻላል። እያንዳንዱ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወርዶ፣ አብዛኛውን ጊዜ በመምህርነት፣ እንዲያገለግል ግዴታ ሆነበት። ሐሳቡ ፍትሐዊ ነበር፤ አገር ያስተማረችው አገር ያስተምር። ያልታሰበው ነገር መምህሩም እዚያ መማሩ ነው። ጭሰኛው ከምርቱ ምን ያህሉን ለባለ መሬት እንደሚያስረክብ በዓይኑ ያየ ተማሪ ወደ ስድስት ኪሎ ሲመለስ «ያስተማረኝ ማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ይዞ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ በመሬት ላይ የትምህርት ግብር ይሰበሰብ እንደነበር፣ የብዙው ገበሬ ልጅ ግን የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳይረግጥ እንዳደገ ያኔ ሒሳቡን ማስላት ከባድ አልነበረም። በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ተብሎ የተወጣው ሰልፍ ከሌላው ትርጉሙ ሁሉ በተጨማሪ የአበዳሪ ለውጥ ነው። ተማሪው «የበላሁት የጃንሆይን ሳይሆን የገበሬውን ነው፤ ስለዚህ የምከፍለውም ለገበሬው ነው» አለ። ወጭቱን የሰበረው ባለቤቱ ሌላ ነው ብሎ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ እንደ ተራ ወሬ የሚታለፍ፣ ለእኔ ግን የዚያን ትውልድ ልብ ከየትኛውም በራሪ ወረቀት አብልጦ የሚያሳይ አንድ ክስተት አለ። መጋቢት 1960 ዓ.ም. በስድስት ኪሎው ራስ መኮንን አዳራሽ የፋሽን ትርዒት ተዘጋጀ። ልብስ የሚያሳዩት የዩኒቨርሲቲው ሴት ተማሪዎች ነበሩ። ሌሎች ተማሪዎች «ሕዝብ እየተራበ የባዕድ ፋሽን!» ብለው ተነሡ፤ ወደ አዳራሹ የሚገቡትን ሰዎች በስድብና በዕንቁላል ተቀበሏቸው። ፖሊስ ገባ፤ መሪዎቹ ታሰሩ፤ የተማሪዎች ማኅበር ታገደ፤ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። በአንድ የልብስ ትርዒት!

የተቃውሞውን ምክንያት መረዳት አይከብድም። ራሱን የገበሬ ባለዕዳ አድርጎ ለሚቆጥር ሰው አጭር ቀሚስና የውጭ ሽቶ በሰው ገንዘብ የሚደረግ ድግስ መስሎ ይታየዋል። ዕንቁላሉ የተወረወረው በማን ላይ እንደነበር ግን መርሳት የለብንም። ከውጭ የመጣ ጃኬት ለብሶ፣ የባዕድ ሲጋራ እያጨሰ ስለ ኢምፔሪያሊዝም የሚከራከረው ወንድ ተማሪ ጥቂት አልነበረም፤ የሸማችነት ኃጢአት የተለጠፈው ግን በሴቶቹ ቀሚስ ላይ ነው። ያ ትውልድ ስለ ዕዳ የነበረው ስሜት እውነተኛ ነበር፤ ዕዳውን ማን ላይ እንደሚጭን ሲመርጥ ግን እንደ አባቶቹ ነው የመረጠው። የዚያ ዘመን ሰዎች ማስታወሻቸውን ሲጽፉ ስለዚህች ዕንቁላል ጉዳይ ትንሽ ቢበዛ ደስ ባለኝ።

ደርግ መጣና ዕዳውን በአንድ ጊዜ ጠራው። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የተጀመረው የእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አዘመተ፤ ያልዘመተ ትምህርቱን መቀጠልም ሆነ ሥራ ማግኘት አይችልም ነበር። ከዚያ የቀይ ሽብሩ ደም ተከተለ፤ ሽማግሌው «በሌላ መልክ» ያሉት ይኸኛው ይመስለኛል። ከደሙ በኋላ የተረፈው ዩኒቨርሲቲ መጠለያውም ምግቡም ነጻ፣ መግቢያው ግን የመርፌ ቀዳዳ ሆኖ ቆየ።

ዊንጌት ከላካቸው ተማሪዎች አንዱ ከዓድዋ የመጣ ልጅ ነበር። በነጻ ትምህርት ዕድል ገብቶ እ.ኤ.አ. በ1972 አጠናቀቀ፤ ለሕክምና ትምህርት ስድስት ኪሎ ገባ፤ ሁለት ዓመት ቆይቶ ወደ በረሃ ወጣ። መለስ ዜናዊ ነው። እርሱ የመራው መንግሥት ነው እ.ኤ.አ. በ2003 የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 351ንና የወጪ መጋራት ደንብ ቁጥር 91ን ያወጣው። ይህን የማነሣው ለሽሙጥ አይደለም፤ ነገሩ የአንድ ሰው ብቻም አይደለም። ኦክስፎርድን ያለ ክፍያ የተማረው ቶኒ ብሌር የመራው መንግሥትም ነው እ.ኤ.አ. በ1998 በእንግሊዝ ተማሪዎች ላይ በዓመት እስከ ሺህ ፓውንድ የሚደርስ ክፍያ የጣለው። መሰላል የወጣ ሁሉ ላይ ሲደርስ የመሰላሉ ዋጋ ይታየዋል መሰለኝ።

የደንቡ አሠራር ከአውስትራሊያ የተቀዳ ነው። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1989 ተማሪው ሲማር ሳይሆን ተመርቆ ገቢ ሲያገኝ በግብር መልክ የሚከፍልበትን ዘዴ ጀመረች። የዘዴው ንድፍ አውጪ የሆነው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ብሩስ ቻፕማን ስለ ኢትዮጵያም ጥናት ጽፏል፤ የዓለም ባንክም ነገሩን ገፍቶበታል። በእኛው ደንብ መሠረት ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ ሙሉ በሙሉ፣ ከማስተማሪያው ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ይሸፈናል። ሲገባ ውል ይፈርማል። ሲመረቅና ሥራ ሲይዝ አሠሪው ከደመወዙ ቢያንስ 10 በመቶ እየቆረጠ ለገቢ መሥሪያ ቤቱ ያስተላልፋል፤ የመክፈያው ጣሪያ 15 ዓመት ነው። አስቀድሞ ለከፈለ ቅናሽ አለው። መምህር የሚሆን በአገልግሎቱ ይከፍላል፤ ይህች አንቀጽ የ1964ቱ አገልግሎት የሩቅ ዘመድ ናት።

በወረቀት ላይ ሲነበብ ከብዙ አገሮች የተሻለ ነው። የአሜሪካ ተማሪ ገቢ ኖረውም አልኖረው ወለድ ይቆጠርበታል፤ የዚያ አገር የተማሪዎች ዕዳ ከ1.6 ትሪሊዮን ዶላር በላይ ደርሷል። የእኛ ደንብ «ሲኖርህ ትከፍላለህ» ይላል። የሐሳቡን ፍትሐዊነትም ቢሆን መካድ አይቻልም፤ ከመቶ ኢትዮጵያዊ ጥቂቱ ለሚገባበት ዩኒቨርሲቲ የጫማ ጠራጊው ግብር ለምን ሙሉ ወጪውን ይሸፍናል? የ1957ቱ ሰልፈኛ ራሱ ከዚህ የተለየ ምን አለ?

ችግሩ የአውስትራሊያው ዘዴ የአውስትራሊያን የግብር መሥሪያ ቤት ታሳቢ ማድረጉ ነው። እዚያ የእያንዳንዱ ሰው ገቢ በመዝገብ ይታወቃል። እዚህ ተመራቂው በዘመድ ሱቅ ይሠራል፣ ስልክ ይጠግናል፣ በኮሚሽን ቤት ያከራያል፣ ወይም አረብ አገር ይሄዳል። ከደመወዙ የሚቆረጥበት በደመወዝ ዝርዝር ላይ ስሙ ያለው የመንግሥት ሠራተኛና የትልልቅ ድርጅት ተቀጣሪ ነው። ለሌላው የቀረው ማስያዣ አንድ ብቻ ነው፤ ወረቀቱ። ደንቡ «ሲኖርህ» ቢልም የሬጅስትራሩ መስኮት «አሁን» ይላል። ልጁ የገጠመው ይኸው ነው፤ ዕዳው ትዝ የሚለው ሊሄድ ሲነሣ ነው።

የወጪ መጋራቱ ከዩኒቨርሲቲዎች መስፋፋት ጋር አብሮ መምጣቱንም ልብ ይሏል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ጥቂት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ የነበሯት አገር ዛሬ ከአርባ በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሏት። ይህ በራሱ ታላቅ ነገር ነው፤ ከዚያ በፊት ስድስት ኪሎን በሥዕል ብቻ ያውቅ የነበረ ስንት ገጠር ልጁን አስመርቋል። ሆኖም ዲግሪ ሲበዛ የዲግሪ ዋጋ ምን ይሆናል የሚለውን ማንም በውሉ ላይ አልጻፈም። የዊንጌት አዳሪ ሥራው ይጠብቀው ነበር፤ የዛሬው ተመራቂ የፈረመው ውል የሚጠብቀው ዕዳውን ብቻ ነው።

በግቢው ውስጥ ደግሞ ሌላ ሥርዓት ተተከለ። ተማሪው «ካፌ» እና «ነን ካፌ» ተብሎ ተከፈለ። የግቢውን ምግብ የማይፈልግ ገንዘቡን በእጁ ተቀብሎ ውጭ ይበላል፤ ይህን የሚችለው ከቤቱ የሚደጎመው ነው። በአንድ ውል፣ በአንድ ዕዳ፣ ሁለት ገበታ! በ1960 ዓ.ም. ቢሆን ዕንቁላል የሚያስወረውር ነገር ነበር። አሁን ግን ማንም አይቆጣም፤ «ነን ካፌ» መሆን የሚያስመኝ እንጂ የሚያሳፍር አይደለም።

የምረቃው ቀንማ ተወው። ሱፍ ይገዛል፤ እናት ሽሮ ሜዳ ወርደው ቀሚስ ያሰፋሉ፤ የምረቃ መጽሔት፣ ፎቶ፣ ቪዲዮ፣ ኬክ፣ የልጁ ምስል ያለበት ባነር፣ ዘመድ የሚያመላልስ ሚኒባስ። የዚያ ቤት ግድግዳ ላይ ያለው የልጁ የጋዋን ፎቶግራፍ ከአጠገቡ ካለው የቅድስት ሥላሴ ሥዕል ይበልጣል። እናቱ ለዚያች አንዲት ቀን የወሰዱትን ዕቁብ ከፍለው የጨረሱት በዓመቱ ነው። አንድ ሳምንት እንኳ አላሳለፉም፤ ዳኛውም አባላቱም ጎረቤት ናቸው፤ ይሉኝታ አለ። የመንግሥቱ ዕዳ ጎረቤት የለውም፤ ይሉኝታም የለውም። ሰው በፍቅር የሚከፍለው የሚያውቀውን አበዳሪ ነው። እናቲቱን ግን ለዚህ የሚወቅስ ሰው ካለ እኔ አልስማማም። እርሳቸው የደገሱት ለልብስ አይደለም፤ ከዚያ ሰፈር፣ ከዚያ ጭቃ ግድግዳ፣ አንድ ሰው እንደወጣ ለማሳወቅ ነው። የሚያሳዝነው ድግሱ የመንገዱ መጨረሻ ሆኖ መቅረቱ ነው።

አሁን ደግሞ በሩ እንደገና እየጠበበ ነው። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ከተሰጠው የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ896 ሺህ በላይ ተፈታኞች መካከል 3.3 በመቶዎቹ ብቻ ነበሩ። የአንድ ተማሪ የቀን የምግብ በጀት በ2017 ዓ.ም. ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል፤ የዓመታት የረሃብ አቤቱታ መልስ አገኘ ብለን ደስ ሲለን፣ በደንቡ ስሌት የምግብ ወጪ ሙሉ በሙሉ የተማሪው ዕዳ እንደሆነ ማስታወስ ግድ ይላል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2023 ራስ ገዝ ሆኖ በራሳቸው ከፍለው የሚማሩ ተማሪዎችን መቀበል ጀምሯል። ሌሎቹም ተራቸውን ይጠብቃሉ። ዘዴውን ያበደረችን አውስትራሊያ በበኩሏ እ.ኤ.አ. በ2025 ከተመራቂዎቿ ዕዳ ላይ 20 በመቶውን በሕግ ሰርዛለች።

የድሮው የዊንጌት ግቢ ዛሬ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ነው። አንድ ጊዜ ለሚኒስትርነት ልጆች ይመረጡበት የነበረው ቦታ፣ ከ10ኛ ክፍል ፈተና በኋላ ለመሰናዶ ነጥብ ያልመጣላቸውን በርካታ ዓመታት ሲቀበል ኖሯል። ከግቢው ፊት ለፊት በቆምኩ ቁጥር ብየዳና ቧንቧ የሚማሩትን ልጆች አያለሁ። ባነር የሚያሠራላቸው ብዙ የለም። ከመካከላቸው ግን አንዳንዱ ከዲግሪ ባለቤቱ ቀድሞ ቤት ይመራል፤ እናቶች ይህን ያውቁታል፣ ሆኖም ግድግዳው ላይ የሚሰቅሉት ያንኛውን ነው።

የዘመዴ ልጅ ዕዳ ባለፈው መስከረም ተከፈለ። የከፈለችው ሜሪላንድ የምትኖር አክስቱ ናት። ትራንስክሪፕቱም በሳምንቱ ተላከ። አያቱ «እስቲ ደረሰኙን አምጣው» ብለው መነጽራቸውን አደረጉና ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ ከዚያ በጥንቃቄ አጥፈው መጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ አስቀመጡት።